ፓም የምትባል ሃሪኬን፦ ከመምጣቷ በፊት የተተረከች ጎርፍ

ጉዳዩ በአጭሩ

በጁላይ 2004 ፓም የምትባል ሃሪኬን (ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) አሜሪካ ውስጥ ሉዊዚያና ግዛት ገባች። ነፋሷ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ይጓዝ ነበር። አንዳንድ ቦታ 50 ሴንቲ ሜትር ዝናብ ጣለች። ውሃው የኒው ኦርሊንስን የጎርፍ መከላከያ ግንቦች አልፎ ከተማው ውስጥ ፈሰሰ። ከ500 ሺህ እስከ 600 ሺህ ሕንፃ ፈረሰ። ከ60 ሺህ በላይ ሰው አለቀ።

ይህ ሁሉ በእውን አልሆነም። ፓም የነበረችው ባተን ሩዥ ከተማ ባለ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። ባለሙያዎች ቁጭ ብለው የፈጠሯት፣ ሌሎች ደግሞ አምስት ቀን ሙሉ እንደ እውነት አድርገው የታገሏት ታሪክ ናት።

ከ13 ወር በኋላ፣ ኦገስት 29 ቀን 2005፣ ካትሪና መጣች። እሷ እውነተኛ ነበረች።

የካትሪና ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው "ማንም አላሰበበትም ነበር" ይላል። ይህ ልክ አይደለም። አስበውበታል። በዝርዝር ተርከውታል። ታዲያ ያን ያህል የታሰበበት አደጋ ለምን ያን ያህል ሰው ገደለ? እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ጥያቄ ነው። እኛም ዘንድ "ሲናሪዮ እናዘጋጅ"፣ ማለትም ሊመጣ የሚችለውን አደጋ እንደ ታሪክ እንተርክ፣ የሚል ወርክሾፕ እየበዛ ስለሆነ ይህን ጉዳይ ከነዝርዝሩ መመዝገብ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የግለሰብ ስም አልጠቅስም። ቀኖቹ ሌላ ካልጠቀስኩ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው

ኒው ኦርሊንስ የተቀመጠችበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። በአንድ በኩል ሚሲሲፒ ወንዝ፣ በሌላ በኩል ፖንቻርትሬን ሐይቅ ይዟታል። የከተማዋ ግማሽ ያህል ከባሕር ጠለል በታች ነው። ተራ ዝናብ እንኳ ሲዘንብ ውሃው በራሱ አይወጣም፤ በፓምፕ ተስቦ ነው የሚወጣው። ግንቦቹ ከተማዋን ከውጭ ውሃ ይጠብቃሉ። አንዴ ውሃ ከገባ ግን እነዚያው ግንቦች ውሃውን ውስጥ ይይዙታል።

ነዋሪው ይህን ለማወቅ ባለሙያ አላስፈለገውም። በሴፕቴምበር 1965 ቤትሲ የምትባል ሃሪኬን የከተማዋን ምሥራቃዊ ክፍል በሌሊት አጥለቅልቃ ነበር። ሰዎች ውሃውን ሽሽት ከኮርኒስ በላይ ወዳለው ቦታ ወጡ። ውሃው ተከተላቸው። ከላይ ጣሪያ፣ ከታች ውሃ፤ መውጫ የለም። ከዚያ ወዲህ በብዙ ቤት አንድ ልማድ ቀረ፤ ኮርኒስ ላይ መጥረቢያ ማስቀመጥ። አያት ለልጅ ትነግራለች፣ ልጅም ለልጁ ይነግራል። ሃሪኬን ሲወራ "መጥረቢያው አለ?" ተብሎ ይጠየቃል። ይህችን መጥረቢያ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

በሴፕቴምበር 1998 ጆርጅስ የምትባል ሌላ ሃሪኬን ቀጥታ ወደ ከተማዋ ስትገሰግስ ቆይታ መጨረሻ ላይ ወደ ምሥራቅ ዞር አለች። ለጥቂት ተረፉ። የግዛቱ የአደጋ ጊዜ ሠራተኞች ያን ጊዜ ደነገጡ። ለፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት፣ ማለትም ለፌማ፣ "የከፋው ቢመጣ ምን እንደምናደርግ አብረን እንቀድ" ብለው ጠየቁ። ገንዘቡ እስኪገኝ ዓመታት ሄዱ። በ2002 የከተማዋ ጋዜጣ ተከታታይ ጽሑፍ አውጥቶ ሊመጣ የሚችለውን ጎርፍ ከነካርታው አሳየ። ሥራው የተጀመረው ግን በ2004 ነው።

አዳራሹ ውስጥ የሆነው

ታሪኩን ያዘጋጁት የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች፣ የጦሩ መሐንዲሶች፣ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሃሪኬን ማዕከልና ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ናቸው። የሙያ ሥራ ነው። ነፋሱ ከየት እንደሚነሳ፣ ውሃው በየትኛው በኩል እንደሚገባ፣ ምን ያህል ጥልቀት እንደሚኖረው በሞዴል ተሰልቷል። ከዚያ ስም ተሰጣት። ፓም።

ስም መስጠቱ ትንሽ ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን ቁልፉ እሱ ነው። "በደረጃ 3 ሃሪኬን የመጥለቅለቅ ስጋት" ሲባል ሰው ራሱን ይነቀንቅና ሻዩን ይጠጣል። "ፓም ነገ ትገባለች" ሲባል ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይፈልጋል።

ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ተሰበሰቡ። የፌዴራል፣ የግዛቱና የበጎ ፈቃድ ድርጅቶች ነበሩ። ከደቡብ ምሥራቅ ሉዊዚያና 13 ፓሪሾች የመጡም ነበሩ። ሉዊዚያና ውስጥ ፓሪሽ የሚባለው ሌላው ግዛት ካውንቲ የሚለው ነው። በቡድን ተከፋፈሉ፤ ፍለጋና ማዳን፣ መጠለያ፣ ሕክምና፣ ፍርስራሽ ማንሳት፣ ትምህርት ቤት። ታሪኩ ይነገራቸዋል፤ እነሱ ዕቅድ ያወጣሉ። በእጅ ያለውንና በርግጥ ሊገኝ የሚችለውን ይዘው እንዲያቅዱም ተጠየቁ። 300 ጀልባ ያስፈልጋል የሚል ሰው ጀልባዎቹ ከየት እንደሚመጡ አብሮ መናገር አለበት።

ታሪክ ያለው ዕቅድና ታሪክ የሌለው ዕቅድ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። "ለተፈናቃዮች መጠለያ ይዘጋጃል" የሚል ዓረፍተ ነገር ማንም ይጽፋል። ፓም ፊት ለፊት ስትቆም ግን ጥያቄው ይለወጣል። ስንት ሰው? ስንት ቀን? የመጠለያው ቡድን መልሱን አወጣ፦ ወደ 1,000 መጠለያ፣ ለ100 ቀን። ግዛቱ በራሱ አቅም የሚችለው ከ3 እስከ 5 ቀን ብቻ እንደሆነም ታወቀ። የቀሩትን ቀናት ማን ይሸፍናል? ይህ ጥያቄ ወረቀት ላይ ሰፈረ። የፍለጋና ማዳን ቡድኑ አካባቢውን በአራት ከፍሎ እስከ 800 ፈላጊ የሚያሰማራ መዋቅር ዘረጋ። ፍርስራሹ 30 ሚሊዮን ኪዩቢክ ያርድ፣ ማለትም ወደ 23 ሚሊዮን ሜትር ኩብ እንደሚሆን ተገመተ። የሕክምናው ቡድን ደግሞ በሽተኞችን በጀልባና በሄሊኮፕተር አውጥቶ በጊዜያዊ የሕክምና ጣቢያዎች ለመቀበል አቀደ።

አምስት ቀን አለቀ። ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ።

ታሪኩ ያልነካቸው ነገሮች

ሦስት ክፍተቶች ነበሩ። ሦስቱም ኋላ ሰው ገደሉ።

የመጀመሪያው ግንቡ ነው። በፓም ታሪክ ውሃው ከግንቡ በላይ አልፎ ይፈሳል እንጂ ግንቡ አይሰበርም። ታሪኩን የጻፉት ሰዎች ውሃውን እስከ ግንቡ አናት ድረስ አመጡት። ግንቡን ግን እንዳለ አመኑት።

ሁለተኛው፣ ሃሪኬኗ ከመግባቷ በፊት ሰውን የማስወጣት ሥራ በልምምዱ አልተካተተም። የግዛቱና የፓሪሾቹ ድርሻ ነው፣ እየተሠራበትም ነው ተብሎ ታለፈ። ታሪኩ የጀመረው ሰው ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው አውቶቡስ ነው። የዳነው ሰው በጀልባ ወደ ደረቅ ቦታ ይመጣል። ከዚያ ወደ መጠለያው በምን ይሄዳል? ጥያቄው ተነስቷል። ግን አውቶቡሱን ማን እንደሚያመጣ፣ ከየት እንደሚመጣና ማን እንደሚነዳው ቁርጥ ያለ መልስ ሳያገኝ አደረ።

ከአዳራሹ እስከ ካትሪና

ፓም ከተተረከች ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በሴፕቴምበር 2004፣ አይቫን የምትባል ሃሪኬን መጣች። መቶ ሺዎች መኪናቸውን አስነስተው ወጡ። መንገዱ ቆመ። በወትሮው ሰዓት ተኩል የማይፈጀው የባተን ሩዥ መንገድ አሥር ሰዓትና ከዚያ በላይ ፈጀ። አይቫን ወደ አላባማ ዞረች። ሰዉ ተናደደ። ንዴቱ ግን ጠቀመ፤ የግዛቱ ባለሥልጣናት የመውጫ ዕቅዱን እንደ አዲስ ሠሩት። ሀይዌዩ በሁለቱም በኩል ወደ መውጫ ብቻ እንዲፈስ የማድረጉን ዘዴ አስተካክለው ካርታ አሳትመው አደሉ።

የፓም ዕቅድ ረቂቅ በጃንዋሪ 2005 ወጣ። ያላለቀ ነበር። ለማሟላት ተከታታይ ስብሰባ ያስፈልግ ነበር። ከስብሰባዎቹ አንዱ የተሳታፊዎችን የጉዞ ወጪ የሚሸፍን 15 ሺህ ዶላር ስለታጣ ተራዘመ። ይህን ኋላ የመረመረው የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ነው። 15 ሺህ ዶላር! ሕይወትና ንብረቱን ስታስበው ያንገበግባል።

በኤፕሪል 2005 ነዋሪን በተሽከርካሪ የማውጣት ኃላፊነት ለግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ተሰጠ። ኃላፊው ፈረሙ። ከፊርማው በኋላ ግን ሥራ አልተሠራም። ካትሪና ልትመጣ ሳምንታት ሲቀሩ የአውቶቡሱ ነገር እንደገና ጠረጴዛ ላይ ወጣ። አላለቀም።

በከተማው ደረጃም መኪና ለሌለው ነዋሪ መልእክት የያዘ ዲቪዲ ተዘጋጅቶ ነበር። መልእክቱ በአጭሩ "አደጋው ቢመጣ የሚያወጣህ መንግሥት የለም፤ ከዘመድህ፣ ከጎረቤትህ፣ ከቤተ ክርስቲያንህ ጋር ተነጋገር" የሚል ነው። ዲቪዲው ለሰዉ ሳይደርስ ካትሪና ቀደመችው።

ካትሪና ስትመጣ የሠራው

የመኪናው መንገድ ሠራ። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ወጣ። ፓም የተነበየችው የሟች ቁጥር ያልደረሰበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። ለዓመታት ሲጠቀስ የኖረው የካትሪና ሟቾች ቁጥር 1,833 ነው፤ በ2023 የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል 1,392 አድርጎ አስተካክሎታል። የመውጫ ዕቅዱ የተስተካከለው በአብዛኛው በአይቫን ጊዜ ሰዉ መንገድ ላይ ስለተጉላላ ነው፤ ከፓም አዳራሽ የወጣ ሥራ አይደለም።

ሕክምናው ላይ ግን የፓም እጅ በግልጽ ይታያል። ባተን ሩዥ ያለው የዩኒቨርሲቲው የቅርጫት ኳስ አዳራሽ በቀናት ውስጥ 800 አልጋ ወደሚይዝ ሆስፒታል ተቀየረ። ዶክተሮቹና ነርሶቹ በሽተኛ እንዴት እንደሚለይ፣ የት እንደሚላክ ቀድመው አውርተውበት ነበር። ፍለጋና ማዳኑም እንደዚሁ። ጀልባና ሄሊኮፕተር የዳነውን ሰው በቅርብ ያለ ደረቅ ቦታ አውርደው ወዲያው ለሌላው ይመለሳሉ የሚለው ሐሳብ ተግባር ላይ ውሏል። በዚህም በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተርፏል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ከተለያየ መሥሪያ ቤት የመጡ ሰዎች ፓም ጊዜ አብረው ስለዋሉ በካትሪና ቀን በስም ይተዋወቁ ነበር። ስልክ በሠራበት ቦታ ማንን እንደሚደውሉ ያውቃሉ። በወረቀት የማይለካ ጥቅም ነው።

ያልሠራው

ግንቦቹ ከ50 በላይ ቦታ ተሰበሩ። አንዳንዶቹ ውሃው አናታቸው ላይ ሳይደርስ ነው የወደቁት፤ አሠራራቸው ጉድለት ነበረው። ከከተማዋ 80 በመቶው ውሃ ውስጥ ገባ።

አውቶቡሱ አልመጣም። ከላይ የጠቀስኩት የማውረጃ ደረቅ ቦታ፣ ለምሳሌ የሀይዌይ ማሳለጫ፣ ለሰዓታት የታሰበ ነበር። ሄሊኮፕተሮቹ እያመጡ አወረዱ፣ ደግመው እያመጡ አወረዱ። የሚወስድ ግን የለም። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኦገስት ሐሩር፣ አስፋልት ላይ፣ ጥላ በሌለበት ተቀመጡ። ሱፐርዶም በሚባለው ስታዲየም ከ20 ሺህ በላይ ሰው ተጨናነቀ። ማንም ባላቀደው የስብሰባ ማዕከል ሌላ 20 ሺህ ገደማ ያለ ምግብና ውሃ ተከማቸ። የከተማዋ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ቆመው በነበሩበት ግቢ ተሰልፈው ሰጠሙ። ከውጭ የተጠሩት አውቶቡሶች በብዛት የደረሱት ሐሙስ ነው። ሃሪኬኗ የገባችው ሰኞ ጠዋት ነበር።

የቀሩት እነማን ናቸው? ከተማዋ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ሰው መኪና በሌለው ቤት ይኖር ነበር። ይህ አስቀድሞ የሚታወቅ ቁጥር ነው። ቀኑን ደግሞ አስቡት። ኦገስት 29። ደመወዝና ድጎማ የሚገባው ወር ሲጀምር ነው። ወር መጨረሻ ላይ ኪስ ምን እንደሚመስል ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። መኪና ያለውም ቢሆን ለቤንዚንና ለአልጋ የሚከፍለው ያጣ ነበር። ሉዊዚያና ውስጥ ከሞቱት ግማሽ ያህሉ ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ ነው። በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ብቻ 35 ሰው ሞተ።

ኮርኒስ ላይ መጥረቢያ ያስቀመጡት ጣሪያቸውን ሰብረው ወጡ። ያልነበራቸው ከውስጥ ሆነው ጣሪያውን ሲደበድቡ ጀልባ ላይ ያሉ ሰዎች ሰምተው ከውጭ ቆረጡላቸው። ያልተሰሙም ነበሩ።

ሌላ ቦታ የሚያገለግለው ትምህርት

እኔ ከዚህ ጉዳይ የምወስደው ትልቁ ነገር ፓም ውስጥ ሰው አለመኖሩ ነው። ውሃ አለ፣ ነፋስ አለ፣ ሜትር ኩብ አለ፣ 61,290 የሚል የሟች ግምት አለ። መኪና የሌላት፣ ስኳር ያለባት፣ ድመቷን ትታ መውጣት የማትፈልግ አንዲት የ78 ዓመት እማማ ግን የለችም። ብትኖር ኖሮ ታሪኩ አርብ ማታ ከቤቷ ደጃፍ ይጀምር ነበር። "እሺ፣ አሁን እማማ በምን ትሂድ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም ነበር። የአውቶቡሱን ጉዳይ ማሳደር ያን ጊዜ ያሳፍራል። ሲናሪዮ የምታዘጋጁ ሰዎች፣ እባካችሁ ከቁጥሩ በፊት ሦስት አራት ሰው ፍጠሩ። አንዷ ነፍሰ ጡር ትሁን። አንዱ የቀን ሠራተኛ፣ አንዱ ማየት የተሳነው። ታሪኩ ባለፈ ቁጥር እነሱ የት እንደደረሱ ጠይቁ።

ሁለተኛው ነገር ሰሚው ነው። እኛ ጋ ተረት የሚጀምረው "ተረት ተረት" በሚል ብቻ አይደለም። "የላም በረት" የሚል መላሽ ያስፈልገዋል። መላሽ ከሌለ ተራኪው አይቀጥልም። የፓም ተረት ሰሚዎች 300 ባለሙያዎች ነበሩ። በታሪኩ ውስጥ የሚሰጥመው ሰፈር ነዋሪ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ቢኖር ስለ መጥረቢያው ይነግራቸው ነበር። የቤትሲ ታሪክ 40 ዓመት የቆየው በጀት ኖሮት አይደለም። ሰው ቤት ውስጥ፣ ከሚያውቀው ዕቃ ጋር ታስሮ ስለተነገረ ነው። የሁለቱ ዓይነት ታሪክ ባለቤቶች አንድ ክፍል ውስጥ ቢቀመጡ ምን እንደሚወጣ ሳስብ ይቆጨኛል።

ተረት የሚሰማ ልጅ ደግሞ "ከዚያስ?" ይላል። እስኪሰለች ድረስ። የፓም አዘጋጆች ግንቡ ላይ ሲደርሱ "ከዚያስ? ቢሰበርስ?" ቢባሉ፣ ጀልባው ሰውየውን ሲያወርድ "ከዚያስ?" ቢባሉ ጥሩ ነበር። ይህ ነገር ሩቅ አገር ብቻ ያለ አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ሲንሸራተት ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ወገኖቻቸውን ለማውጣት ሮጠው የሄዱ ናቸው። ሁለተኛው ናዳ እነሱን አገኛቸው። ክረምት በመጣ ቁጥር ተዳፋት ላይ ያለ ቀበሌ ሁሉ "አንዱ ናዳ ወረደ፤ ከዚያስ?" ብሎ አብሮ ሊተርክ ይገባል። ሰው ደግና ሩህሩህ ስለሆነ ይሮጣል፤ የት ቆሞ መጠበቅ እንዳለበት የሚያውቀው አስቀድሞ ካወራበት ነው።

ሌላው የቀን ነገር ነው። ሲናሪዮ ላይ አደጋው ሁልጊዜ በሥራ ቀን፣ ሠራተኛው ቢሮ እያለ ይመጣል። እውነተኛው ግን በሌሊት፣ በበዓል፣ በወር መጨረሻ ይመጣል። ቀኑን ከባዱ ቀን ማድረግ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ገንዘቡን ደግሞ ለታሪኩ ብቻ አትጨርሱት። የወርክሾፑ ቀን ደስ ይላል፤ ፎቶ ይነሳል። ሥራው ያለው ግን ከዚያ በኋላ ባለው አሰልቺ ስብሰባ ነው። ለዚያ ስብሰባ የትራንስፖርትና የአበል ወጪ ከመጀመሪያው በጀት ላይ ተለይቶ ይቀመጥ። የማያልቅ ጥያቄ ሲኖር ደግሞ ጥያቄው ስም ያለው ሰውና ቀን ይመደብለት። "የሚመለከተው አካል" የሚባለው አውቶቡስ አይነዳም።

ከዚያ በኋላ

በሴፕቴምበር 1 ቀን 2008 ጉስታቭ የምትባል ሃሪኬን ሉዊዚያና ገባች። ከመግባቷ በፊት ከደቡባዊው የግዛቱ ክፍል ወደ 2 ሚሊዮን ሰው ወጥቶ ነበር። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ መኪና የሌለው ሰው በየሰፈሩ ወደ ተወሰነ ቦታ መጥቶ እንዲሳፈር ተደረገ። በዚህ መንገድ 18 ሺህ ያህል ሰው በአውቶቡስና በባቡር ወጣ። ሽማግሌ ይዞ፣ ሕፃን አዝሎ፣ የቤት እንስሳውን በሳጥን አድርጎ የመጣ ነበር።

የመሳፈሪያ ቦታዎቹ 17 ናቸው። በ2013 በነዚህ ቦታዎች ላይ ከአራት ሜትር በላይ ቁመት ያላቸው የብረት ሐውልቶች ቆሙ። ቅርጻቸው ልጅ የሚስለው ሰው ይመስላል፤ ክብ ጭንቅላት፣ ቀጭን አካል፣ ወደ ላይ የተዘረጋ አንድ እጅ። ታክሲ እንደሚያስቆም ሰው። ጽሑፍ ማንበብ የማይችልም ቢሆን ያየዋል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በሥሩ ያልፋሉ። ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ ደግሞ ቤት ያለ ትልቅ ሰው ስለ ካትሪና ይነግራቸዋል።